የእንቅልፍ መተንፈሻ ማሽን አፍና ጉሮሮን ሲያደርቅ፦ ሙቀት በበረታበት፣ መብራት በሚቆራረጥበት ኒው ሀልፋ ምን ማድረግ ይቻላል?

በምሥራቅ ሱዳን፣ በከሰላ ግዛት የምትገኘው ኒው ሀልፋ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት የቀን ሙቀቷ ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። አየሩ ደረቅ ነው። ከቡታና ሜዳ የሚነሣውን አቧራም በርና መስኮት አያግደውም። በእንቅልፍ ልቡ ትንፋሹ የሚቆራረጥበትና ለዚህም የመተንፈሻ ማሽን የታዘዘለት ሰው ሌሊቱን ሙሉ የሚስበው ይህንኑ አየር ነው፤ ያውም በግፊት።

ጠዋት ሲነቃ አፉ ኩበት ሆኖ፣ ጉሮሮው ተከርክሮ፣ አንዳንዴም አፍንጫው ደምቶ ይገኛል። ከጥቂት እንዲህ ያሉ ሌሊቶች በኋላ ማሽኑን ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ማሽኑ ሲቀመጥ ግን ሕመሙ አብሮ አይቀመጥም።

ሕመሙ ‘ስሊፕ አፕኒያ’ ይባላል። ሰው ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻዎች ይላላሉ፤ በአንዳንዱ ሰው ላይ የአየር መተላለፊያው ጭራሹኑ እስኪዘጋ ድረስ ይጠባል። ትንፋሽ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይቋረጣል። አንጎል ይህንን ሲያውቅ ሰውየውን ለቅጽበት ያነቃዋል፤ አየር ስቦም ተመልሶ ይተኛል። ሕመሙ በጸናበት ሰው ላይ ይህ በሰዓት ከ30 ጊዜ በላይ ይደጋገማል። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ሌሊት በዱካክ ይመካኛል፤ ኃይለኛ ማንኮራፋት ደግሞ የጥሩ እንቅልፍ ምልክት ተደርጎ ይሳቅበታል።

እ.አ.አ በ2019 ‘ላንሴት ሬስፒራቶሪ ሜዲሲን’ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ዓመት ከሆኑ የዓለም ሰዎች መካከል 936 ሚሊዮን የሚሆኑት ከቀላል እስከ ከባድ ደረጃ ያለው ይህ ችግር እንዳለባቸው ገምቷል። ሕክምና ያላገኘ ስሊፕ አፕኒያ ከደም ግፊት፣ ከልብ ሕመምና ከስትሮክ ጋር ይያያዛል። ከገዳሪፍ ወደ መተማ በሚዘልቀው መንገድ ከባድ መኪና ለሚያሽከረክር ሰው ደግሞ አደጋው የቀን እንቅልፍ ነው፤ መሪ ላይ አንድ ጊዜ ማንቀላፋት ይበቃል።

ማሽኑ ‘ሲፓፕ’ በሚል አጭር ስሙ ይታወቃል። የፈጠረው አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን ነው። በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ሞተርን አገላብጦ አየር እንዲነፋ በማድረግ በአምስት ታማሚዎች ላይ ያገኘውን ውጤት በ1981 በ‘ላንሴት’ መጽሔት አሳተመ። ከዚያ በፊት ሕመሙ ለጸናባቸው የነበረው ዋነኛ መፍትሔ አንገት ላይ ለአየር ቀዳዳ መክፈት ነበር። የዛሬዎቹ ማሽኖች ያነሱና ዝም ያሉ ቢሆኑም መርሑ አልተለወጠም፦ በቱቦና በጭምብል የሚገባው የአየር ግፊት ጉሮሮ እንዳይዘጋ ከውስጥ ደግፎ ይይዛል።

ከማሽኑ ጋር የሚመጣው መመሪያ ስለ ድርቀት ሲያነሣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚለው ‘የማርጠቢያውን ሙቀት ከፍ አድርጉ’ ነው። ምክሩ መብራት በማይጠፋበትና የተጣራ ውሃ ከሱቅ በሚገዛበት አገር ላለ ሰው የተጻፈ ነው። ኒው ሀልፋ እንዲያ አይደለችም። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ዋዲ ሀልፋን በውሃ ሲያጥለቀልቅ፣ ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ ኑቢያውያን እ.አ.አ ከ1964 ጀምሮ የሰፈሩባት፣ ከመሠረቷም የተፈናቃዮች ከተማ ናት። በጥቅምት 2024 ከምሥራቅ ጀዚራ በጦርነቱ የተሰደዱ ሰዎች እንደገና ተጠግተውባታል። በአጎራባቹ ገዳሪፍም እንደ ኡም ራኩባና ቱናይድባ ባሉ ካምፖች ከ2020ው የትግራይ ጦርነት የሸሹ ኢትዮጵያውያን ተጠልለዋል። ማሽኑ ከባሕረ ሰላጤው አገራት ወይም ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ ለመጣለት ሰው አስተካክሎ የሚሰጥ ባለሙያ በቅርብ ማግኘት ቀላል አይሆንም።

ስለዚህ እዚህ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ አየር የሚያመልጥበትን ቀዳዳ መድፈን፣ ቀጥሎ አፍንጫን ማከም፣ ውሃና ሙቀት መጨመር ከሁሉም በኋላ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መብራት አይጠይቁም።

ድርቀቱ ከየት ይመጣል?

አፍንጫ የአየር ቧንቧ ብቻ አይደለም። የሚገባውን አየር ያሞቃል፣ ያረጥባል፤ ስንተነፍስ ደግሞ ከሚወጣው አየር ላይ ከሰጠው እርጥበት የተወሰነውን መልሶ ይወስዳል። ይህ የመስጠትና የመቀበል ሒሳብ እስካልተዛባ ድረስ በረሃም ውስጥ ቢሆን አፍንጫ ሥራውን ይወጣል።

ሒሳቡ የሚዛባው አፍ ሲከፈት ነው። የአፍንጫ ጭምብል ያደረገ ሰው ተኝቶ ሳለ አገጩ ከወረደ፣ ማሽኑ በአፍንጫ የሚያስገባው አየር በአፍ ይወጣል። አፍንጫ እርጥበቱን እየሰጠ ምንም አይመለስለትም። የውስጡ ስስ ሽፋን ሲደርቅ ያብጣል፤ ሲያብጥ መተላለፊያው ይጠባል፤ ሲጠብ ሰውየው ይበልጥ በአፉ ለመተንፈስ ይገደዳል። አፍንጫው ስለታፈነ ‘ጉንፋን ይዞኛል’ የሚለው ሰው ጉንፋኑን የሠራው ማሽኑና የተከፈተው አፉ ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህን ሱሊቫን ራሱ ከባልደረቦቹ ጋር በ1996 ባወጣው ጥናት አሳይቷል። በአፍ የሚያመልጥ አየር በአፍንጫ ውስጥ የአየር ማለፍን እንደሚያከብድ፣ ሞቅ ያለ እርጥበት ደግሞ ይህንን በብዙ እንደሚያቀልል ታይቷል። ያልሞቀ ውሃ ግን በዚያ ሙከራ ለውጥ አላመጣም። ወደዚህ ነጥብ ስለ ውሃ ስናነሣ እንመለስበታለን።

የትኛው ችግር እንዳለ ለማወቅ ጠዋት የደረቀው ምን እንደሆነ ማስተዋል ይጠቅማል። አፍና ጉሮሮ ደርቀው አፍንጫ ደህና ከሆነ አየሩ በአፍ እያመለጠ ነው። አፍንጫ እያቃጠለ አፍ እርጥብ ከሆነ የሚገባው አየር በጣም ደረቅ ነው። ዓይን ቀልቶና ቆርቁሮ ከተነሡ፣ ጭምብሉ ከአፍንጫ ድልድይ ላይ ተነሥቶ ወደ ዓይን እየነፋ ነው። ከጎን የሚተኛ ሰው ካለ ደግሞ ከመሣሪያ ሁሉ የተሻለ ምስክር እሱ ነው፤ አፍ ተከፍቶ ይሁን፣ ጭምብሉ እያፏጨ ይሁን በአንድ ሌሊት ይነግራል። ብዙዎቹ ዘመናዊ ማሽኖችም ያመለጠውን አየር መጠን በመስታወታቸው ላይ ያሳያሉ።

አፉ ለሚከፈትበት ሰው አገጭን ከታች የሚደግፍ ሰፊ የጨርቅ ማሰሪያ ይረዳል፤ ለአንዳንዱ ይበቃል፣ ለሌላው አይበቃም። ካልበቃ አፍንጫንና አፍን አብሮ የሚሸፍን ጭምብል ይሻላል። አፍን በፕላስተር ማሸግ በማኅበራዊ ሚዲያ ቢወደስም፣ አፍንጫው ለሚታፈን ወይም ማስመለስ ለሚያሰጋው ሰው አደገኛ ነው። መብራት በድንገት በሚጠፋበት ቤት ደግሞ ይብሳል፤ ማሽኑ ሲቆም የአፍንጫ ጭምብል ያደረገ ሰው አየር የሚያገኘው በአፉ ነውና።

አፍንጫ ቀድሞ ከታፈነ

አፍ የሚከፈትበት አንዱ ምክንያት አፍንጫ ቀድሞውኑ መዘጋቱ ነው፤ በዚህ አካባቢ ደግሞ የሚዘጋው ብዙ ነገር አለ። አቧራው አለ። በገዳሪፍ ሰፋፊ እርሻዎች የማሽላና የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ የሚነሣው ብናኝ አለ። የኒው ሀልፋን የመስኖ እርሻ የወረረው፣ ሱዳኖች ‘መስኪት’ የሚሉት ፕሮሶፒስ አለ፤ በአፋር አርብቶ አደሮችን ያማረረው ያው ዛፍ ነው፣ የአበባው ብናኝም አለርጂ ያስነሣል።

ከመተኛት በፊት አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብ ርካሽና ውጤታማ ነው። ሩብ ሊትር በሚሆን ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ውሃው ግን የግድ ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት፤ ሲጠጡት የማይጎዳ ውሃ አፍንጫ ውስጥ ሲገባ ሊጎዳ ይችላል።

በፋርማሲ የሚሸጡት አፍንጫ ከፋች ጠብታዎች በደቂቃዎች ውስጥ ያስደስታሉ፤ ከጥቂት ቀናት በላይ ከተወሰዱ ግን አፍንጫው ያለ እነሱ የማይከፈት ይሆናል። አለርጂው የቆየ ከሆነ ሐኪም የሚያዝዘው የስቴሮይድ ስፕሬይ የተሻለ ነው፤ ሥራውን የሚጀምረው ቀስ ብሎ፣ በቀናት ውስጥ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

ድርቀቱ ከማሽኑ ላይሆንም ይችላል። የአለርጂ ክኒኖች፣ ሽንት የሚያበዙ የደም ግፊት መድኃኒቶችና እንደ አሚትሪፕታይሊን ያሉ መድኃኒቶች አፍ ያደርቃሉ። ጫትም እንዲሁ፤ እንቅልፍ ነሥቶ፣ አፍ አድርቆ፣ ማሽኑን ያስወቅሳል። ቀንም ሌሊትም ውሃ ጥም የማይለቀው ሰው ስኳሩን ቢመረመር ጥሩ ነው።

ጭምብሉና ማሰሪያው

ጭምብል የሚለካው ተቀምጦ አይደለም። ተኝቶ፣ ማሽኑ ተከፍቶ፣ አየሩ በተለመደው ግፊቱ እየገባ ነው መስተካከል ያለበት፤ ፊት ሲተኙና ሲቀመጡ አንድ ዓይነት ቅርጽ የለውም። አየር ሲያመልጥ ማሰሪያውን ማጥበቅ የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም የተሳሳተ ነው። የጭምብሉ ለስላሳ ጠርዝ ፊት ላይ የሚገጥመው በአየር ሲነፋ ነውና፣ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ይታጠፋል፤ አየሩ ይበልጥ ያመልጣል፣ የአፍንጫ ድልድይም ይቆስላል። ላላ አድርጎ፣ ከፊት አንሥቶ፣ እንደገና ማሳረፍ ይሻላል።

በሙቀት ወራት ላብ ጭምብሉን ያንሸራትተዋል። ፊትን በሳሙና ታጥቦ አድርቆ መተኛት፣ የጭምብሉን ጠርዝም በየጠዋቱ በለብታ ውሃና በቀላል ሳሙና ማጠብ ከምንም በላይ ይረዳል። አፍንጫ ሲደርቅ ቅቤ ወይም ቫዝሊን መቀባት የተለመደ ቢሆንም ቅባት ጠርዙን ያበላሻል፤ በፋርማሲ የሚገኝ ውሃ ነክ ቅባት ይመረጣል። ሹሩባ የተሠራች ሴት ማሰሪያው እንደሚንሸራተትባት ታውቀዋለች። ስስ የጥጥ ሻሽ አስቀድሞ አስሮ ማሰሪያውን ከላይ ማድረግ ይቻላል፤ ፀጉር በተሠሩ ቁጥር ግን ልኩን እንደ አዲስ ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በጭምብሉ ፊት ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ብልሽት አይደሉም። የተነፈስነው የተቃጠለ አየር የሚወጣው በእነሱ ነው። ‘አየር ያመልጣል’ ብሎ መድፈን አደጋ አለው።

በማሽኑ ጀርባ ያለው የአየር ማጣሪያ በሌላ አገር በወር አንድ ጊዜ ይቀየር ይሆናል። ሙቀት ሲጸና አልጋ አውጥቶ ግቢ ውስጥ በሚተኛበት በኒው ሀልፋ ግን በየሳምንቱ መታየት አለበት፤ ከነጭነት ወደ ቡናማነት ሲለወጥ ጊዜው አልፏል። የሚታጠበው የስፖንጅ ዓይነት ታጥቦ ፈጽሞ ሳይደርቅ አይመለስም። ማሽኑም መሬት ላይ ሳይሆን ከወለል ከፍ ባለ፣ ከራስጌ ግን ዝቅ ባለ ነገር ላይ ይቀመጥ።

ውሃውና ሙቀቱ

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም አፍንጫ የሚያቃጥል ከሆነ ማርጠቢያው ይፈለጋል። ማርጠቢያው በማሽኑ ጎን ያለ የውሃ መያዣ ሲሆን፣ አየሩ በውሃው ላይ እያለፈ እርጥበት ይይዛል፤ ከሥሩ ያለው ማሞቂያ ደግሞ ይህን ያጠናክራል። የሲድኒው ጥናት እንዳሳየው ሙቀቱ ለውጥ ያመጣል። ነገር ግን መብራት በሌለበት ሌሊትም መያዣውን ሞልቶ መተኛት ከንቱ አይደለም፤ ሞቃትና ደረቅ በሆነ ክፍል ውስጥ ውሃው ያለ ማሞቂያም በፍጥነት ይተናል። ጠዋት መያዣው ምን ያህል እንደጎደለ ማየት በቂ ማስረጃ ነው።

ብዙ የሱዳን ቤቶች በእርጥብ ገለባ መካከል አየር እየሳበ ክፍሉን የሚያቀዘቅዝ ማሽን አላቸው። ይህ መሣሪያ ሳይታሰብ የክፍሉንም አየር ያረጥባል፤ እሱ በሚሠራበት ሌሊት የማርጠቢያውን መጠን መቀነስ ይቻላል። የመተንፈሻ ማሽኑ ግን ገለባው ፊት ለፊት መቀመጥ የለበትም፤ የቆየ ገለባ ይሻግታል።

ተቃራኒው ችግር የሚመጣው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ቀዝቃዛ ሌሊቶች ነው። ሞቅ ያለው እርጥብ አየር በቀዘቀዘ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ጤዛ ይሆንና ውሃ ፊት ላይ ይንጠባጠባል፣ ቱቦውም ይንጎራጎራል። ቱቦውን በጨርቅ መጠቅለል ወይም ከጋቢ ሥር ማሳለፍ፣ የማርጠቢያውንም መጠን ዝቅ ማድረግ ያስተካክለዋል።

አምራቾች የሚያዙት ተተንኖ የተጣራ ውሃ ነው፤ ማዕድን ስለሌለው መያዣው ውስጥ ነጭ ቅርፊት አይሠራም። የኒው ሀልፋ ውሃ የሚመጣው ከአትባራ ወንዝ ነው። በካሽም ኤል ጊርባ ግድብ በኩል ሲደርስ ከኢትዮጵያ ደጋ የተጠረገውን አፈር ይዞ ነው፤ ግድቡ ራሱ በዚሁ ደለል አብዛኛውን የመያዝ አቅሙን አጥቷል። እንዲህ ያለ ውሃ ሰክኖ፣ ተጣርቶና ፈልቶ ሲቀዘቅዝ የተሻለ አማራጭ እስኪገኝ ያገለግላል። ማፍላት ጀርሙን እንጂ ማዕድኑን አያጠፋም፤ ቅርፊት ሲታይ አንድ እጅ ነጭ ኮምጣጤ በ10 እጅ ውሃ በጥብጦ መዘፍዘፍና ደህና አድርጎ ማለቅለቅ ነው። በሸክላ ጋን የቀዘቀዘ ውሃ ንጹሕ ቢመስልም ሳይፈላ አይሆንም። ኮሌራ በነሐሴ 2024 በሱዳን በይፋ ሲታወጅ ከሰላ ከተመቱት ግዛቶች አንዷ ነበረች፤ በዚያ ምክንያት ለመጠጥ ከሚፈላው ውሃ አንድ ኩባያ ለማሽኑ ማስቀረት ይቻላል። ያደረ ውሃ ላይ አይጨመርም፤ ጠዋት ተደፍቶ መያዣው ይደርቃል።

ጋራዥ ውስጥ ‘የባትሪ ውሃ’ ተብሎ የሚሸጠውን መጠቀም ግን ፈጽሞ አይገባም። አንዳንዱ በእርግጥ የተጣራ ውሃ ነው፤ አንዳንዱ ግን አሲድ የተቀላቀለበት ነው፤ ጠርሙሱን አይቶ መለየት አይቻልም።

መብራት ሲጠፋ

በጥር 2025 በገዳሪፍ ግዛት የሚገኘው የሸዋክ የኤሌክትሪክ ጣቢያ በድሮን ተመትቶ በምሥራቅ ሱዳን መብራት ተቋርጦ ነበር። ከጦርነቱ ወዲህ ማሽኑን በባትሪና በፀሐይ ኃይል ማሠራት የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። እዚህ ላይ ማርጠቢያው ያለው ትርጉም ይለወጣል። ማሞቂያው ጠፍቶ በተለመደ ግፊት የሚሠራ ማሽን የሚወስደው ኃይል አንድ ትንሽ አምፖል የሚወስደውን ያህል ነው፤ ማሞቂያውና የሚሞቀው ቱቦ ሲጨመሩ ብዙ እጥፍ ይሆናል። አንድ ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ ይቆይ ወይስ እኩለ ሌሊት ላይ ይለቅ የሚወስነው ይኸው ነው። አየር የሚያመልጥበትን መድፈን ከሁሉ መቅደም ያለበትም ለዚህ ነው፤ በዚያ የዳነ እርጥበት ባትሪ አይበላም።

ባትሪ ከመግጠም በፊት የማሽኑን ጀርባ ማንበብ ያስፈልጋል። አንዳንዱ 12 ቮልት፣ ሌላው 24 ቮልት ይፈልጋል። የኋለኛውን ከመኪና ባትሪ ጋር ለማገናኘት የራሱ መቀየሪያ የግድ ነው። ርካሽ ኢንቨርተሮች የማርጠቢያውን ማሞቂያ ሊያቃጥሉ ይችላሉ። ጄኔሬተር በሚነሣበትና በሚጠፋበት ቅጽበት የሚዘለው ቮልት እንዳይጎዳውም በመካከል ማረጋጊያ ቢኖር ይመረጣል። ምንም ኃይል በሌለበት ሌሊት በጎን መተኛት፣ ራስጌን ከፍ ማድረግ፣ ከአረቄና ከእንቅልፍ ክኒን መራቅ ሕመሙን በመጠኑ ያቀልላል።

ሌሎች ቅሬታዎች አጭር መልስ አላቸው። ግፊቱ ‘አፈነኝ’ ለሚል ሰው፣ አየሩን ከዝቅተኛ ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚያሳድግ ማስተካከያ ብዙዎቹ ማሽኖች ላይ አለ። ጭምብሉ የሚያስጨንቀው ደግሞ ቀን ነቅቶ ሳለ ሬዲዮ እየሰማ ለግማሽ ሰዓት ቢለምደው ሌሊቱ ይቀልለዋል። ጠዋት ሆድ በአየር ከተነፋ ግፊቱ ከፍ ብሎ ወይም አፍንጫ ታፍኖ ሊሆን ይችላል። ዋናውን የግፊት መጠን መለወጥ ግን የሐኪም ሥራ ነው፤ ሐኪሙ ሩቅ ከሆነ የማሽኑን መረጃ በስልክ ፎቶ አንሥቶ መላክ ይቻላል። ደጋግሞ የሚነስር አፍንጫ፣ ከትኩሳት ጋር የሚመጣ የፊት ሕመም ወይም የደረት ውጋት ካለ በቤት ውስጥ መሞከሩ ይቁም።

በዘመድ ሻንጣ ለመጣ ያገለገለ ማሽን አንድ ተጨማሪ ምርመራ አለ። ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ በሰኔ 2021 ‘ድሪምስቴሽን’ የተባለውን ጨምሮ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ማሽኖቹን ለማስመለስ ጥሪ አቅርቧል፤ ምክንያቱም ድምፅ ለመቀነስ በውስጣቸው የተቀመጠው ስፖንጅ እየተፈረፈረ ወደ አየር መንገዱ ሊገባ መቻሉ ነበር። ከፍተኛ ሙቀትና እርጥበት፣ እንዲሁም በኦዞን ማጽዳት መፈርፈሩን እንደሚያፋጥኑ በወቅቱ ተገልጿል። ጉሮሮ ከመድረቅ አልፎ የሚቆረቁር ከሆነ፣ በቱቦው ወይም በጭምብሉ ውስጥ ጥቁር ብናኝ ከታየ፣ ከማሽኑ ሥር የተጻፈውን መለያ ቁጥር ወደ ላከው ዘመድ ልኮ በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ እንዲያጣራ ማድረግ፣ ማሽኑንም መጠቀም ስለ መቀጠል ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።